ባላገር ዲዳ ነውን?

ስለ ባላገር ኑሮ የሚጽፍ ትንሽ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት እንደገና ይነሣ የሚል ሐሳብ በቀረበ ቁጥር ከከተማ ምሁራን መካከል ፈገግ የሚሉ አይታጡም። «ባላገር ምን የሚጻፍ ነገር አለው? ያርሳል፥ ያጭዳል፥ በድንበር ይካሰሳል፥ ይሞታል፤ ይህም ከአባት ከአያቱ ጀምሮ የታወቀ ነው» ይላሉ። ፈገግታቸው ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ራሳቸው የባላገር ልጆች ናቸው። ዳሩ ግን በዚህች አገር ከብዙ ክፋት ይልቅ ይህ ፈገግታ ያደረሰው ጥፋት ይበልጣልና በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን በአንድ አገር ላይ ይታይ። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ለጋምቦን አቋርጦ ወደ ቦረና የሚሄድ መንገደኛ፥ ከገብስ በቀር ብዙ እህል የማይደፍረውን የውርጭ አገር አልፎ መካነ ሰላም ይደርሳል። ከዚያም ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሓ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ወደ ሳይንት በኩል ያለው፥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ጫካ፥ ደንቆሮ ይባላል። ስሙን ማን እንዳወጣው ጫካው ይወቅ፤ በዙሪያው ያለው ሰው ግን ደንቆሮም ዲዳም ሆኖ አያውቅም።

ለዚህ ምስክር ለመጥራት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት፥ ሰዓታታቸው እስከ ዛሬ በየገዳሙና በየደብሩ የሚቆመው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የዚሁ አገር ሰው ነበሩ፤ ጋስጫም በዚሁ በቦረና በኩል ትገኛለች። ዐፄ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን ያሠሩት በዚሁ በጥንቱ የአማራ ምድር ነው፤ ተድባበ ማርያምም በአማራ ሳይንት ናት። አገሩ መጻፍን ከአዲስ አበባ የሚማር አገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር ከአራት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ ይጽፍ ነበር። እንግዲህ «በዚያ ምን የሚጻፍ አለ?» የሚል ሰው፥ ይህን ያህል የጻፈ አገር መጻፉን ለምን ተወ ብሎ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባው ነበር።

ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ያለው መቅደላ በዚህ ነገር የሚያስተምረው አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌላም ስፍራ የሰበሰቧቸው መጻሕፍት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተዘርፈው ከ300 የሚበልጡት ለንደን ገቡ። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፥ ያዝንበታልም፤ ይመለሱ እያለ የሚጮኸውም ደግ አደረገ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። ለንደን ያሉት መጻሕፍት ቁጥር ተሰጥቷቸው፥ ዝርዝራቸውም በ1877 እ.ኤ.አ. ታትሞ፥ በደረቅ ቤት ተቀምጠዋል። ፈጽሞ የጠፋው ማንም ያልዘረፈው፥ ከቶም ያልተጻፈው ነው። ከመቅደላ እግር ሥር ባለ መንደር አንዲት አልቃሽ በአንድ ለቅሶ ላይ የገጠመችው ሙሾ ከእርስዋ ጋር ሲቀበር፥ ይመለስ ብሎ የሚሟገትለት ኮሚቴ የለውም።

ሊቃውንቱ ራሳቸው ከዚህ ነቀፌታ ነፃ አይደሉም። በየእሑዱና በየበዓሉ አዲስ ቅኔ ይዘረፋል፤ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። ሥርዓቱ መልካም ነው፥ አእምሮን ያተጋል። ዳሩ ግን የተዘረፈው ቅኔ በወረቀት ሳይሰፍር ማኅሌቱ ይፈጸማል፥ ሰውም ጠበሉን ቀምሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ያን ቅኔ የሚያስታውሰው የተቀኘው ሰውና ምናልባት አንድ ቅናተኛ ባልንጀራው ብቻ ነው። በከተማ ያለ ጋዜጠኛ «ባላገር ሥነ ጽሑፍ የለውም» ቢል፥ ያለውን ያላሳየው ማን ሆነና ነው?

የሙስሊሙም ጎረቤት ነገር እንደዚሁ ነው። መንዙማው በአማርኛ ይባላል፤ አንዳንዱም በዐረብ ፊደል የአማርኛ ቃል ሆኖ ይጻፋል። የሼኽ ሑሴን ጅብሪል ግጥም ከወሎ ተነሥቶ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም አፍ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሮ ነው በመጽሐፍ ለመታተም የበቃው። ወደ ዜማው ቢሄዱ ደግሞ፥ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፥ ባቲና አምባሰል፥ የወሎን አገር ስም ተሸክመው በመላ ኢትዮጵያ ይዞራሉ። አገር ሁሉ የሚያንጎራጉርበትን ዜማ ያወጣ ሕዝብ ምን የሚጻፍ አለው ብሎ መጠየቅ፥ ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃ የት ይገኛል እንደ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የጌጥ ነገር ቢመስል፥ የጌጥ ያልሆነውን መናገር ግድ ይሆናል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ተርቦ ሰው በመንገድ ዳር ሲወድቅ መንግሥት ዝም አለ፥ ጋዜጦቹም አብረው ዝም አሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በ1965 ዓ.ም. የረኃቡን ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው አሳዩ፤ ጩኸታቸው ግን ሩቅ አልሄደም። ዓለም ነገሩን ያየው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ባሳየው ፊልም ነው። ከዚያ በኋላ አማርትያ ሴን የተባለው የሕንድ የኢኮኖሚ ሊቅ፥ ስለ ድህነትና ስለ ረኃብ ጽፎ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የወሎን ረኃብ መርምሮ፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ እንዳልተወደደ፥ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ሌላ አገር ይወጣ እንደ ነበረ አሳይቷል። ባላገሩ ሰብሉ ስለ ጠፋበት የሚበላውንም የሚገዛበትንም በአንድ ጊዜ አጣ፤ ሊገዛ ያልቻለ ሰው ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋ አያስወድድም፤ በቤቱ ተቀምጦ ይሞታል እንጂ።

በዚህ ነገር ላይ አንባቢ ጥቂት ቆም ቢል መልካም ነው። በደሴ ተቀምጦ የገበያውን ዋጋ የሚጠባበቅ ሹም፥ ቅን ሰው እንኳ ቢሆን፥ ረኃቡን በዋጋ ሊያውቀው አይችልም ነበር ማለት ነው። ታዲያ ሊያውቀው የሚችለው ማን ነበር? ጎረቤቱ በሬውን በስንት እንደ ሸጠ ያየ፥ በአንድ ሳምንት ስንት ፍታት እንደ ፈታ የሚያውቅ ቄስ፥ ስንት ጀናዛ እንደ ተሰገደበት የሚያውቅ ሼኽ፥ የተማሪው ቁጥር የጎደለበት አስተማሪ፥ ለዘር ያስቀመጠውን የበላ ገበሬ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። እውቀቱ በእጃቸው ነበር፤ ጽፈው የሚልኩበት ገጽ ግን አልነበራቸውም።

«መጽሔት ረኃብን ያስቆማልን?» የሚል ሰው ቢኖር፥ አያስቆምም፤ ዝናብም አያዘንብም። ነገር ግን በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ወሎ ዳግመኛ ሲራብ፥ የኮረምን ሥዕል ለዓለም ያሳየው ቢ.ቢ.ሲ. ነው። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የወሎ ባላገር ስቃይ በእንግሊዝኛ ተነግሮ ወደ አማርኛ ተመለሰ። ከዚህም የተነሣ በባሕር ማዶ ወሎ ሲባል ከአጥንትና ከዝንብ በቀር ሌላ የማይታያቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ሲሞት ብቻ የተጻፈለት ሕዝብ፥ መሞት ሥራው እንደ ሆነ ተደርጎ ይታያል። በጥጋብ ዘመን የሚዘፍነው፥ በአውድማ ላይ የሚያስቀው፥ በሽምግልና ላይ ነገር የሚያዋዛው፥ ልጁን ለመዳር ከምራቱ አባት ጋር ሦስት ቀን የሚከራከረው ሰው የት ገባ? ማንም አልጻፈለትም።

በረኃቡ ዘመን ባላገሩ ራሱ ዝም አላለም። ፈቃደ አዘዘ ከሰሜን ሸዋ ባላገሮች አፍ የሰበሰቡት የድርቅና የረኃብ ግጥም በ1998 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጥቷል፤ የመጽሐፉም ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ያልተሰሙ ድምፆች» ማለት ነው። ምሁሩ ትልቅ ሥራ ሠሩ። ነገር ግን ሐተታው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ግጥሙን የሰጡት ሽማግሌዎች ስለ ግጥማቸው ምን እንደ ተባለ ለማወቅ አስተርጓሚ ሊፈልጉ ነው። የኢትዮጵያ ባላገር ነገር ሁልጊዜ በዚህ ዓይነት በሰው እጅ ይዞራል።

ከዚህ ቀደም ለባላገር ጋዜጣ አልተጻፈለትምን የሚል ይኖራል። ተጽፎለታል፤ በደሉም ከዚያው ነው። እርከን ሥራ፥ ማዳበሪያ ጨምር፥ ልጅህን አስከትብ፥ ሽንት ቤት ቆፍር እየተባለ ተጽፎለታል። ምክሩ መልካም ነው፥ የሚጠላውም የለም። ዳሩ ግን አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲመከር ኖሮ አንድ ቀን እንኳ «አንተስ ምን ትላለህ?» ሳይባል ቢያረጅ፥ መካሪዎቹ ወዳጆቹ ናቸው ለማለት ያስቸግራል። ስሙ ሳይቀር በየመንግሥቱ ተለዋወጠ፤ ገባር ተባለ፥ ጭሰኛ ተባለ፥ ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ወዲህ አርሶ አደር ተባለ። ራሱን በራሱ ምን ብሎ እንደሚጠራ የጠየቀው የለም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዐሥራ አምስት ቋንቋ አስተምሮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የተሰጠውን ሽልማት አስገኘ። ሽልማቱ የተገባ ነበር፤ ሽማግሌና አሮጊት በኩራዝ ብርሃን ፊደል ቆጥረዋል። ከዚያስ ወዲያ ምን አነበቡ? ማንበብ ያስተማረው መንግሥት እንዲያነቡ የሰጣቸው ይበልጡን የራሱን ንግግር ነበር። ፊደሉ ከብዙዎቹ እጅ ተመልሶ የጠፋው ባላገር አእምሮው ስለ ደከመ አይደለም፤ ያልታረሰ መሬት ዳዋ ይውጠዋል፥ ያልተነበበበት ፊደልም እንደዚሁ ነው።

ሁለተኛው ክርክር የነጋዴዎች ክርክር ነው። «ትንንሽ መጽሔቶች ተጀምረው ሞቱ፤ የሞተውን ማን ያስነሣዋል?» ይላሉ። መልሱ የአገሩን የጋዜጣ ታሪክ ማንበብ ነው። አእምሮ የተባለው ጋዜጣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአንድርያስ ካቫድያስ በተባለ ግሪካዊ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ 24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። ተቋረጠ፤ እንደገና ተነሣ፤ ደግሞ ተቋረጠ፤ ደግሞ ተነሣ። በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው ብርሃንና ሰላምም እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ ሲወጣ፥ ገጹን ካሞቁት ነገሮች አንዱ አንባቢዎቹ የሚልኩት ደብዳቤና ክርክር ነበር። ሌቭ ቶልስቶይ ከርስቱ ከያስናያ ፖልያና በ1862 እ.ኤ.አ. ያወጣው መጽሔት ዐሥራ ሁለት ቁጥር ብቻ ወጥቶ ቆመ። ዳሩ ግን በዚያ መጽሔት የገበሬ ልጆች የጻፉት ይታተም ነበር፤ ደራሲውም የገበሬ ልጆች መጻፍን ከእኛ ይማሩ ወይስ እኛ ከእነርሱ እንማር ብሎ በግልጥ ጠየቀበት። ያን የጠየቀ ሰው በሚቀጥለው ዓመት «ጦርነትና ሰላም» የተባለውን መጽሐፉን መጻፍ ጀመረ። አንድ ዓመት የኖረ መጽሔት ከንቱ ነበር የሚል፥ ሚዛኑን ይመርምር።

ገንዘብ የለም ለሚለው ደግሞ አየርላንድ ትጠቀስ። ከ1937 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. በአምስት ሺህ ያህል ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆች፥ ከአያቶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው ተረቱን፥ ልማዱን፥ የመድኃኒቱንና የአዝመራውን ነገር እየጠየቁ በደብተር እንዲጽፉ ተደረገ። አገሪቱ ያን ጊዜ ሀብታም አልነበረችም። ወጪው ደብተርና እርሳስ ነበር፤ የተጻፈውም እስከ ዛሬ ተጠብቆ የአገሩ መዝገብ ሆኗል።

«ማን ያነበዋል?» የሚለው ከሁሉ የቀለለ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»፥ ከመካነ ሰላም ዓባይን ተሻግሮ ያለውን የጎጃምን ባላገር ኑሮ የያዘ መጽሐፍ ነው። ደራሲው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ የጎጃም ሰው ናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲያነበው፥ ፊደል የማያውቀው ሰው ሳይቀር ሥራውን ትቶ ያደምጥ ነበር። በባላገር ቤት አንድ የሚያነብ ልጅ ካለ ሰባት የሚያደምጡ አሉ። ከተማ ደግሞ ስንት ሰው እናቱ የምታውቀውን ቃል እየናፈቀ እንደሚኖር የቁጥር ሊቅ ሳይጠየቅ ይታወቃል።

ከካህናትም መካከል «ስለ በሬና ስለ ውርጭ መጻፍ ለካህን ምን ይረባዋል?» የሚሉ አሉ። እነዚህ መዝሙረ ዳዊትን በየቀኑ ይደግማሉ፤ በውስጡ በረዶና አመዳይ፥ ጉምና ጠል፥ የሜዳ አህያና የበረሓ ዋላ መኖራቸውን ግን የረሱ ይመስላል። የአማርኛን ቃል ከገበሬ አፍ ለቅመው በመዝገብ ያሰፈሩት እነማን ነበሩ? ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥር የተማሩት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የወጣውን መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ፥ ሞፈርና ቀንበርን፥ ድግርና ወገልን፥ እርፍና ምራንን የሊቅ ቃል አይደለም ብለው አልተዉትም። ዛሬ በከተማ ያደገ ወጣት ደቦንና ወንፈልን ለይቶ ይናገር ቢባል ብዙዎች ይጨነቃሉ። ልዩነቱ ግን የቃል ብቻ አይደለም። በደቦ የተጠራ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል፤ በወንፈል የመጣ ቀኑ ይቆጠርለታል፥ ብድሩም ይመለሳል። በዚያ ውስጥ አንድ ሕዝብ ስለ ዕዳና ስለ ጉርብትና ያሰበው ሁሉ አለ። ይህን የሚጽፍ ሰው ከካህንና ከመምህር ወዲያ ከወዴት ይመጣል?

እንግዲህ መጽሔቱ እንዴት ያለ ይሁን? ትልቅ መሆን የለበትም፤ በዓመት አራት ጊዜ ጥቂት ቅጠል ቢወጣ ይበቃል። ወረቀት ውድ ነው፤ ስለዚህ ለየደብሩ፥ ለየመስጊዱና ለየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ቅጂ ታትሞ፥ የቀረው በስልክ ለሚያነብ ይላክ። ተወልዶ በሌላ አገር የሚኖረው የቦረናና የሳይንት ልጅ ለወረቀቱ ዋጋ ቢያዋጣ አይከብደውም፤ ለሰርግና ለተዝካር የሚያወጣውን የሚያውቅ ያውቃል። በደቡብ ወሎ የተቋቋመው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም አማርኛ የሚያጠኑ ተማሪዎቹን በየመንደሩ ቢልክ፥ የመመረቂያ ጽሑፋቸው ከመደርደሪያ ወርዶ ሰው ያነበዋል።

ሁለት ሕግ ግን እንደ ብረት የጠና ሊሆን ይገባዋል። አንደኛው፥ አዘጋጁ የባላገሩን አነጋገር ወደ አዲስ አበባ አማርኛ እንዳይቀይር ነው። ብዙ አዘጋጆች ቃል ማረም ሥራቸው ይመስላቸዋል፤ ሽማግሌው የተናገረውን አጥበው፥ አስጥተው፥ ተኩሰው ያወጡታል፤ ሲወጣ የማንም ልብስ ይሆናል። ሁለተኛው፥ በመጀመሪያው ዓመት በመጽሔቱ ላይ ምክር የሚባል ነገር ጨርሶ እንዳይገባ ነው። የመንግሥት ቢሆን፥ የማኅበር ቢሆን፥ የሰባኪም ቢሆን፥ ምክር ለአንድ ዓመት ይረፍ። ባላገሩ ስለ በልጉ መዘግየት፥ ስለ ገበያው ዋጋ፥ ወደ ዐረብ አገር ስለ ሄደች ልጁ፥ በሽምግልና ስለ ተፈታና ስላልተፈታ ነገር ራሱ ይጻፍ፤ ወይም እየተናገረ ይጻፍለት። ስሙ እንዲወጣ ያልፈለገ ስሙ ይቅር። የተናገረውን ሹም የማይወደው ቢሆንም፥ እውነት ከሆነ ይውጣ፤ በ1965 ዓ.ም. የጎደለው ይህ ነበርና።

በለጋምቦና በአካባቢው ደጋ የበልጉ ገብስ በሰኔና በሐምሌ ይሰበሰባል። ክረምቱ ሲጠና መንገዱ ጭቃ ይሆናል፥ ተማሪውም ከትምህርት ቤት ተመልሶ ከእሳት ዳር ይቀመጣል፤ ሽማግሌ የሚያወራበት ጊዜ ይኸው ነው። በዚያ ጊዜ አንድ ዲያቆን፥ አንድ ደረሳና አንድ አስተማሪ ሦስት ደብተር ይዘው ቢነሡ፥ የመጀመሪያው ቁጥር ለመስከረም ይደርሳል።